ማሳ ላይ ያየሁትን ለማን ልንገር? ሶሻል ሚዲያ ለተመራማሪ

ሥራዬ የስንዴ ዋግ ነው፤ በፈንገስ የሚመጣ የስንዴ በሽታ። ከሐምሌ እስከ ኅዳር አርሲ ውስጥ ማሳ ለማሳ እዞራለሁ። ቢጫ ዋግ የበረታበት ስንዴ ውስጥ ገብታችሁ ስትወጡ ሱሪያችሁ ብርቱካናማ ዱቄት ለብሶ ታገኙታላችሁ። ያ ዱቄት የፈንገሱ ዘር ነው። ንፋስ ያነሳዋል፣ ወረዳ ያሻግረዋል። ዛሬ እዚህ ያየሁትን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሌላ ገበሬ ማሳው ላይ ያየዋል።

የእኔ ጽሑፍ ግን እንደ ንፋሱ አይፈጥንም። ዳታው ተሰብስቦ፣ ተጽፎ፣ በገምጋሚዎች ታይቶ ጆርናል ላይ እስኪወጣ ዓመት ከመንፈቅ ይፈጃል። አንዳንዴም ሁለት ዓመት። እስከዚያ ገበሬው ሁለቴ ዘርቶ ሁለቴ አጭዷል።

እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የአገሪቱን ስንዴ ክፉኛ መታው። ቁብሳና ገለማ፣ ገበሬው በሰፊው ይዘራቸው የነበሩት ዝርያዎች፣ አልቻሉትም። ከዚያ ዲገሉ የሚባለው ዝርያ ተስፋፋ፤ ቢጫ ዋግን ይቋቋም ነበርና። በ2013 መጨረሻ ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ዋግ፣ የግንድ ዋግ፣ መጣና ባሌና አርሲ ላይ ዲገሉን ጣለው። ያኔ ጀማሪ ተመራማሪ ነበርኩ። ምልክቱን ከእኛ ቀድመው ያዩ ገበሬዎች አጋጥመውኛል። ለማን እንደሚናገሩ አያውቁም ነበር። እኛም ለማን እንደምንነግር በቅጡ አናውቅም ነበር።

ሶሻል ሚዲያን ለሥራዬ መጠቀም የጀመርኩት ከዚያ ቁጭት ነው። አሁን ወጣት ባልደረቦቼ «እንዴት እንጀምር?» ይሉኛል። ደጋግሜ የምነግራቸውን እዚህ ላስፍረው። ሙያችሁ ወባም ይሁን አፈር፣ ውሃም ይሁን ሒሳብ፣ አብዛኛው ይሠራላችኋል።

መጀመሪያ ስማችሁን አስተካክሉ

ማንኛውንም ነገር ከመለጠፋችሁ በፊት ይሄን ጨርሱ። የእኛ ስም ለውጭ ዳታቤዝ አይመችም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ስም ነው ያለን። ጆርናሎች ግን የመጨረሻውን ስም ይዘው የራሳችሁን ስም በአንድ ፊደል ያሳጥሩታል። አንድ ጽሑፍ ላይ በአባታችሁ ስም ትወጣላችሁ። ሌላው ላይ የአያት ስም ስለጨመራችሁ በአያታችሁ ስም ትወጣላችሁ። ሦስተኛው ላይ አዘጋጁ ግራ ገብቶት ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል።

በዚያ ላይ የፊደሉ ጣጣ አለ። ታደሰ የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ በአንድ ኤስ ይጽፈዋል፣ ሌላው በሁለት። ፀሐይ አንድ ቦታ በዋይ ትጨርሳለች፣ ሌላ ቦታ በአይ። ውጤቱ ምንድን ነው? አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ ሦስት ሰው ሆኖ ይገኛል። አሥራ ሁለት ጽሑፍ ያለው ተመራማሪ አራት አራት ጽሑፍ ያላቸው ሦስት የማይታወቁ ሰዎች ይሆናል። ይህ የደረሰባቸው ብዙ ጎበዝ ሰዎች አውቃለሁ። ያሳዝነኛል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፓስፖርታችሁ ላይ ያለውን አጻጻፍ ያዙ፤ ከዚያ ወዲያ አትቀይሩት። ኦርኪድ የሚባል ቁጥር አውጡ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አለ፣ በነፃ ነው፣ 16 አሃዝ ነው። ስማችሁ እንዴትም ቢጻፍ ቁጥሩ እናንተው መሆናችሁን ይናገራል። ከዚያ ጉግል ስኮላር በሚባለው የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ ላይ ፕሮፋይል ክፈቱና የተበታተኑትን ጽሑፎቻችሁን አንድ ላይ ሰብስቡ። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። የኦርኪዱን ሊንክ በየሶሻል ሚዲያ ገጻችሁ መግለጫ ላይ አስቀምጡ።

መግለጫውን ራሱን ደግሞ ለሰው ጻፉት። የእኔ ድሮ ማዕረግና የሥራ መደብ ብቻ ነበር። አሁን እንዲህ ይላል፦ «የስንዴ ዋግ እከታተላለሁ። አርሲና ባሌ። ማሳችሁ ላይ ያያችሁትን በፎቶ ቴሌግራም ግሩፔ ላይ ላኩልኝ።» ይህን ከቀየርኩ በኋላ ነው የማላውቃቸው ሰዎች መጻፍ የጀመሩት።

ሁለት ቦታ ይበቃል

መጀመሪያ አካባቢ አምስት ቦታ አካውንት ከፈትኩ። በሁለት ወር ውስጥ ሁሉንም መመገብ አቃተኝ። ትልቁ ጉዳት ድካሙ አልነበረም። ሰዎች ጥያቄ ጽፈውልኝ ሳላየው ሳምንታት ያልፉ ነበር። ጠይቆ መልስ ያጣ ሰው ደግሞ አይመለስም።

አሁን ሁለት ቦታ ነው የምውለው። አንዱ ቴሌግራም ነው፤ እዚያ የማገኛቸው የልማት ጣቢያ ሠራተኞችን፣ ማለትም ዲኤዎችን፣ የወረዳ ባለሙያዎችንና ስማርት ስልክ የያዙ ገበሬዎችን ነው። ሌላው ሊንክድኢን ነው፤ እዚያ ያሉት የሙያ ባልደረቦቼ፣ ገንዘብ የሚሰጡ ድርጅቶችና ተማሪ የሚፈልጉ ፕሮፌሰሮች ናቸው። ለሁለቱ የምጽፈው አንድ ዓይነት አይደለም። ቋንቋው ይለያል፣ ርዝመቱ ይለያል፣ የማሳየው ፎቶም ይለያል።

ለእናንተ የሚሆነውን ለማወቅ አንድ ነገር አድርጉ። ሥራችሁን እንዲያውቁላችሁ የምትፈልጓቸውን አሥር ሰዎች ስም ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ እነዚህ ሰዎች የት እንደሚውሉ እዩ። እዚያ ሂዱ። የጤና ባለሙያ ከሆናችሁና እናቶችን ማግኘት የምትፈልጉ ከሆነ ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ሊሆን ይችላል። የሒሳብ ሰው ከሆናችሁ ምናልባት ሌላ።

ትዊተር ስለነበረው፣ አሁን ኤክስ ስለሚባለው፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለዓመታት የሳይንስ ሰዎች ዋና መገናኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ብዙ ነገሩ ከተቀየረ ወዲህ ከባልደረቦቼ ግማሹ ወደ ብሉስካይ ሄዷል። ግማሹ አሁንም እዚያው ነው። በአማርኛ ለሚጽፍ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ኤክስ ያለ ክፍያ የሚፈቅደው 280 ፊደል ነው። የግዕዝን ፊደል ግን አንዱን እንደ ሁለት ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ በአማርኛ ያለን 140 ብቻ ነው። ቴሌግራም ላይ አንድ መልእክት 4,096 ፊደል ይይዛል። ለገበሬና ለዲኤ የምጽፈውን እዚያ የማደርገው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

እንዴት እጽፋለሁ

ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ብዬ ለጥፌ ነበር፦ «በተካሄደው የዳሰሳ ጥናት የቢጫ ዋግ በሽታ ሥርጭትና የጉዳት መጠን በከፍተኛ ቦታዎች ላይ ጉልህ ጭማሪ ማሳየቱ ተረጋግጧል።» ስህተት የለበትም። ግን ማንም ምንም አላደረገበትም። ምን ያድርግበት?

አሁን ብጽፈው እንዲህ ነው የምለው፦

«ነገ ጠዋት ስንዴ ማሳችሁ ውስጥ ግቡ። ቅጠሉን እዩ። በቅጠሉ ርዝመት መስመር ሠርቶ የተሰለፈ ቢጫ ዱቄት ካያችሁ፣ በጣታችሁም ስትነኩት ጣታችሁን ካቀለመው፣ ቢጫ ዋግ ነው። ቅጠሉ እንዲሁ ቢጫ ሆኖ ዱቄት ከሌለው ሌላ ነገር ነው። ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ ዛሬውኑ ዲኤያችሁን አናግሩ።»

ልዩነቱን እዩት። መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ይመጣል። ቀጥሎ በዓይንና በጣት የሚለይበት ምልክት። ከዚያ ሌላ ነገር ሊሆን የሚችልበት። መጨረሻ ላይ ወደ ማን እንደሚኬድ። «የጉዳት መጠን» የሚለውን ቃል ለባልደረቦቼ አስቀምጬዋለሁ። ለገበሬው «ዋግ መታው» ነው የሚባለው፤ እኔም እንዲሁ እላለሁ። የሕዝቡ ቃል እያለ ከመጽሐፍ ቃል መፈለግ አያስፈልግም።

አንድ ትልቅ ነገር ዘግይቼ ነው የተማርኩት። አርሲ ውስጥ አብዛኛው ገበሬ የሚነጋገረው በአፋን ኦሮሞ ነው። እኔ በአማርኛ ብቻ ስጽፍ የምደርሰው ለባለሙያው እንጂ ለባለማሳው አልነበረም። አሁን አንድ ባልደረባዬ የጻፍኩትን በአፋን ኦሮሞ በድምፅ ያነበዋል። አንድ ደቂቃ አይሞላም። የድምፅ መልእክት ብዙ ዳታ አይበላም፣ ማንበብ ለማይችሉም ይደርሳል፣ ዲኤዎች ወደየቀበሌው ግሩፕ ያስተላልፉታል። ከጻፍኳቸው ጽሑፎች ሁሉ ይልቅ ርቆ የሄደው ያ ድምፅ ነው። የምትሠሩበት አካባቢ ቋንቋ የእናንተ ካልሆነ፣ ያ ቋንቋ አፍ የፈታበትን ሰው ገና ከመጀመሪያው አጋር አድርጉት። ስሙንም ጻፉለት።

ስለ ፎቶ። ጤነኛውንና የታመመውን ቅጠል ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንሱ። መጠኑ እንዲታወቅ የአንድ ብር ሳንቲም አጠገቡ አስቀምጡ። ጠዋት ወይም ከሰዓት ዘግየት ብላችሁ አንሱ፤ የቀትር ፀሐይ ቀለሙን ያጠፋዋል። ከሩቅ አንድ፣ ከቅርብ አንድ። ቀኑንና ወረዳውን ጻፉ። ቪዲዮ ከሆነ ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ። ማሳ ላይ ንፋሱ ድምፁን ስለሚያበላሸው ስልኩን ወደ አፋችሁ አስጠጉ፣ ጀርባችሁን ለንፋሱ ስጡ።

መልሱ ላይ ነው ሥራው

ሰው ሶሻል ሚዲያ ሲባል መለጠፍ ይመስለዋል። እኔ ከምለጥፈው ይልቅ የምመልሰው ይበዛል። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ እለጥፋለሁ። መልስ ግን በየቀኑ እሰጣለሁ። ጠዋት ቡና እስኪፈላ ሃያ ደቂቃ፣ ማታ ሃያ ደቂቃ። ከዚያ ውጭ ማሳወቂያው ድምፁ ተዘግቷል።

አንድ መስከረም አንድ ዲኤ ፎቶ ላከልኝ። «ዶክተር፣ ይሄን ይዩልን፣ ዋግ መቶን ነው» ይላል። ፎቶው ላይ የታች ቅጠሎች ወጥ በሆነ መልኩ ገርጥተዋል። ዱቄት የለም። መስመርም የለም። «ጣትህን አስነካው፣ ያቀልማል?» አልኩት። አያቀልምም አለ። «ማዳበሪያ መቼ ጨመራችሁ?» አልኩት። ዩሪያው በሰዓቱ አልደረሰም ነበር። የናይትሮጅን እጥረት ነው። ገበሬው ለፀረ ፈንገስ መድኃኒት ገንዘብ ሊያወጣ ነበር።

ያንን ልውውጥ ስምና ቦታ አጥፍቼ፣ አስፈቅጄ፣ ቻናሉ ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ በኋላ ተመሳሳይ ጥያቄዎች ከሌሎች ወረዳዎች መጡ። አንዱ የጠየቀውን ሃምሳው ማወቅ ይፈልጋል። ስለዚህ ልምዴ ይሄ ነው፦ አንድ ጥያቄ ሦስቴ ከመጣ መልሱ ቀጣዩ ፖስት ይሆናል። ምን ልጻፍ ብዬ ተቸግሬ አላውቅም።

የማታውቁትን ስትጠየቁ «አላውቅም፣ አጣርቼ እስከ ዓርብ እመልሳለሁ» በሉ። ከዚያ ዓርብ መልሱ። መልሱን ባታገኙም እንዳላገኛችሁት ለመናገር ዓርብ ጻፉ። የዲኤዎቹ አመኔታ የመጣው ከዲግሪዬ ይመስለኝ ነበር። ሲነግሩኝ ግን የሚያነሱት ይሄንን ነው፤ ባልሽበት ቀን ትመልሻለሽ ይሉኛል።

መልስ መስጠት ሲባል መስማትም አለበት። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ላይ ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣው ሞቶ አዩ። ያ ቀንድ አውጣ የቢልሃርዚያ በሽታ የሚተላለፍበት ነው። ትልቁ ምርምር የጀመረው ልብስ አጣቢዎቹ በየቀኑ ከሚሠሩት ነገር ነው። ከዚያም ግኝታቸውን የውጭው ዓለም እንዲቀበለው ብዙ ዓመት ለፍተዋል፤ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው። እኔ ኮሜንት ሳነብ ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል። «ይህች ዝርያ ከጫካው ዳር ስትዘራ ቶሎ ትመታለች» ብሎ የጻፈልኝ ገበሬ ለቀጣዩ ዓመት የዳሰሳ መንገዴን አስቀይሮኛል።

ባልደረባ መፈለግ

አንድ ዓመት ለትልቅ ጉባኤ ፖስተሬ ተቀባይነት አገኘ፣ ቪዛ ግን ተከለከልኩ። ይህ ብዙዎቻችሁ ላይ የደረሰ ነው። ሁለት ቀን አልቅሼ በሦስተኛው ቀን ፖስተሩን በአራት ፎቶ ከፋፍዬ የጉባኤውን ሃሽታግ ጨምሬ ለጠፍኩት። ከላይ እንዲህ አልኩ፦ «ዛሬ ከፖስተሬ አጠገብ መቆም ነበረብኝ። አልተሳካም። ጥያቄ ካላችሁ እዚህ ነኝ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር።» ጉባኤው ላይ የነበሩ ሰዎች ጠየቁ። ከእነሱ አንዷ ኬንያ፣ ንጆሮ ትሠራ ነበር። ንጆሮ ማለት ከብዙ አገር የተላከ ስንዴ የግንድ ዋግን መቋቋሙ የሚፈተንበት ጣቢያ ነው። ዛሬ አብረን እንጽፋለን። በአካል የተገናኘነው ከዚያ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

የማታውቁት ተመራማሪ ጋ ስትጽፉ «ክቡር ፕሮፌሰር፣ በእርስዎ ላቦራቶሪ የመሥራት ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ» ብላችሁ አትጀምሩ። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ በቀን ብዙ ይደርሳቸዋል። እኔ የምጽፈው ይሄን ይመስላል፦ «ሰላም። ስለ ግንድ ዋግ የጻፉትን አንብቤ ሦስተኛው ሠንጠረዥ ላይ ቆምኩ። እኛ አርሲ ላይ የምናየው ከዚያ ይለያል። ፎቶና የሁለት ዓመት ዳታ አለኝ። ቢያዩት ደስ ይለኛል፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል።» የእነሱን ሥራ ማንበባችሁ ይታያል። የምትሰጡት ነገር አላችሁ። የምትጠይቁት ትንሽ ነው። ከመጻፋችሁ በፊት ደግሞ ለአንድ ሁለት ወር ፖስቶቻቸው ላይ ቁም ነገር ያለው አስተያየት ስጡ። ስማችሁ እንግዳ አይሆንባቸውም።

ኃይሉ እስከ የት እንደሚደርስ ለማየት የባንግላዲሽን ጉዳይ ተመልከቱ። በፌብሩዋሪ 2016 የስንዴ ብላስት የሚባል በሽታ እዚያ ተከሰተ። በሽታው መጀመሪያ የታየው ብራዚል ውስጥ በ1985 ሲሆን እስያ ላይ አይታወቅም ነበር። የአገሪቱ ሳይንቲስት ቶፋዛል ኢስላም፣ እንግሊዝ ኖርዊች ካለው የሴንስበሪ ላቦራቶሪ ሶፊየን ካሙንና ሌሎች ከታመመው ስንዴ የተገኘውን የጄኔቲክ ዳታ ሳይታተም ክፍት ድረ ገጽ ላይ አወጡት። ኑና አብረን እንየው ብለው ሌሎችን ጋበዙ። ከተለያየ አገር ሰዎች ገብተው መረመሩት። በዚያው ዓመት ውስጥ ፈንገሱ ከደቡብ አሜሪካው ወገን መሆኑ ታወቀ። በተለመደው መንገድ ቢሆን ይህን ማወቅ ስንት ዓመት ይወስድ ነበር?

ይህን ስል ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ኢንቦክስ ላይ የተግባባችሁት ሰው «ናሙና ላክልኝ፣ ዘር ላክልኝ» ሊላችሁ ይችላል። በቅን ልቦና ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ሕግ አለን። የጄኔቲክ ሀብትን ስለማግኘት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ያለ ፈቃድ ማውጣትን ይከለክላል። የጤፍን ነገር ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፤ ኔዘርላንድ ውስጥ የተያዘው የባለቤትነት መብት በፍርድ ቤት ውድቅ እስኪደረግ ስንት ዓመት እንዳበሳጨን። ጓደኝነቱን ቻት ላይ ጀምሩት፣ ናሙናውን ግን በውል።

የማልለጥፈው

አንድ ጊዜ የተመታ ማሳ ፎቶ ለጠፍኩ። ከጥግ በኩል የቀበሌው ታፔላ ይታይ ነበር፤ አላስተዋልኩትም። ባለማሳው ያንን ዓመት ምርቱን ለዘር ሊሸጥ ተስማምቶ ነበር። ገዢው ፎቶውን አይቶ ቀረ። ባለማሳው አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ አውቀሽ አይደለም» ነው ያሉኝ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ከዚያ ወዲህ ከወረዳ በታች ቦታ አልጠቅስም። ባለማሳውን ሳልጠይቅ አልለጥፍም። ፎቶውን ከመላኬ በፊት አራቱንም ጥግ አያለሁ።

ከዓይን የተሰወረም ቦታ ጠቋሚ አለ። ስልካችሁ ቦታ እንዲመዘግብ ከተከፈተ ፎቶው ውስጥ የጂፒኤስ ቁጥር ይቀመጣል። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ስትልኩት ይጠፋል፣ ጥራቱም ይቀንሳል። እንደ ፋይል ስትልኩት ግን ጥራቱም ቁጥሩም አብረው ይሄዳሉ። ለባልደረባ እንደ ፋይል፣ ለሕዝብ እንደ ፎቶ።

ያልታተመ ዳታ ከአጋሮቻችሁ ሁሉ ፈቃድ ውጭ አትለጥፉ። በተለይ የተማሪያችሁ ከሆነ። የመድኃኒት ስምና መጠን ላይ ተጠንቀቁ፤ እኔ ሰው ፊት ለፊት ካላገኘሁ ወደ ዲኤው ነው የምልከው። «ወረርሽኝ» የሚለውን ቃል ደግሞ በራሴ ገጽ አልጠቀምም። ማስጠንቀቂያ ማወጅ የተቋም ሥራ ነው። እኔ የማየውን እናገራለሁ፣ ተቋሙ ሲያውጅ ያወጀውን አስተላልፋለሁ። ከመጀመራችሁ በፊት ከምትሠሩበት ቦታ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ጋር ቁጭ ብላችሁ ይህን ተነጋገሩ። አንድ ገጽ ስምምነት ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ሐሰት የሆነ መረጃ ስታዩ የሐሰቱን ፖስት ሼር አድርጋችሁ አትከራከሩ። እናንተው ታስፋፉታላችሁ። እውነቱን ብቻውን ጻፉት፣ በፎቶ አስደግፉት።

ስድብ ይመጣል። ስለ ስንዴ የጻፋችሁት ወደ ብሔር ጭቅጭቅ ይዞራል። ጥያቄ ያለበትን ቁጣ እመልሳለሁ። ስድብ ብቻ የሆነውን አጠፋለሁ፣ ሰውየውን ከግሩፑ አስወጣለሁ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ለማንም ቁጣ አልመልስም። ሴቶች እህቶቼ ደግሞ ኢንቦክስ የሚገባውን ታውቁታላችሁ። የግል መልእክት ከማላውቀው ሰው አልቀበልም። ጥያቄ ያለው ግሩፑ ላይ ይጠይቃል፣ እዚያው ይመለስለታል። ግሩፑንም ከአንድ ወንድ ባልደረባዬ ጋር ነው የማስተዳድረው። ይህን ካደረግኩ በኋላ ነው ሥራው ሰላም ያገኘው።

ደብተሩ

ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወር ገደማ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ያለ ቪፒኤን አልከፈት አሉ። ዲኤዎቼ አብዛኞቹ ቪፒኤን አልነበራቸውም። ወቅቱ የመስኖ ስንዴ ማሳ ላይ ያለበት ነው። በዓመታት ያሰባሰብኩት ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ጠፋብኝ። ስልክ ቁጥራቸውን አልያዝኩም ነበር፤ ቴሌግራም ላይ በቅጽል ስም ነው የማውቃቸው።

አንድ በአንድ በየወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ፈለግኳቸው። አሁን ሰማያዊ ደብተር አለኝ። አዲስ ሰው ግሩፑ ውስጥ ሲገባ ስም፣ ወረዳና ስልክ እንዲነግረኝ እጠይቃለሁ፣ በእጄ እጽፋለሁ። የለጠፍኳቸውንም ሁሉ ኮምፒውተሬ ላይ ቅጂ አስቀራለሁ።

ያኔ በኤስኤምኤስ ነበር የሠራነው። በግዕዝ ፊደል አንድ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፤ ካለፈ እንደ ሁለት ይቆጠራል። ስለዚህ ቃል እየቆጠርኩ ጻፍኩ። ከላክኋቸው የመጀመሪያው ደብተሩ ሽፋን ላይ ተለጥፏል፦

«በመስኖ ስንዴ ላይ የግንድ ዋግ ታይቷል። ዛሬ ማሳ ግቡ፤ አገዳውን እዩ። ካያችሁ ደውሉልኝ።»

በማግስቱ ሰባት ሰው ደወለ።